ዝናቡ ቆዳውን እስኪጥል

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ጂንካ ውስጥ የተጎዳ የዱር እንስሳ የሚያስታምሙ ወጣቶች አሉ። ባለፈው ሰሞን በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝና አንድ ትንሽ ዘንዶ አሳዩኝ። ዓይኑ ደፍርሷል። «እማማ ማርታ፣ አንቺ ድሮ ይህን ሥራ ሠርተሻል አሉ። እስቲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪን» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

ሥራ የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዬ እግሬ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤት አልያዘኝም። ጨውና ትምባሆ ተሸክሜ ከሃና እስከ ካንጋተን፣ ከገበያ ገበያ እዞር ነበር። አንድ ክረምት እግሬ አብጦ ጂንካ ላይ አስቀረኝ። መቀመጥ ስለማልችልበት ሥራ ፈለግሁ።

ጋሼ ከፍያለው ከመሐል አገር የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከሱቁ ጓሮ ደግሞ ድንኳን የሚተከልበት ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ፈረንጆች ያድሩበታል። እኔን የቀጠሩኝ ግቢውን እንድጠርግ ነው። መጥረጊያ ሰጡኝና «ሁሉንም ጥረጊ፤ ያንን ሣጥን ግን እንዳትነኪ» አሉ።

«ምን አለበት ጋሼ?»

«የሚበላ ነገር አይደለም።»

ይህን ከተባልኩ በኋላ ማን ያስችለዋል? ከሥሩ ስጠርግ በወንፊት ሽቦው አጮለቅሁ። ክንዴን ትንሽ የሚበልጥ የዘንዶ ግልገል ተጠቅልሎ አየኝ። መንገድ ላይ የኖረ ሰው እባብ ሲያይ አይጮህም፤ ይቆማል። ቆምኩ። እሱም ምላሱን አውጥቶ አስገባ። ጋሼ ከሱቁ በር ሆነው ያዩኝ ነበር።

«አልጮህሽም?» አሉኝ።

«ለማን ልጩህ?»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂው አንቺ ነሽ። ዘበኛው እንደሆነ 'እኔ የተቀጠርኩት ሌባ ልጠብቅ ነው' ብሎኛል።»

ግልገሉን ያመጣው ከኦሞራቴ ዓሣ የሚጭን ሾፌር ነው። ከመረብ ጋር ተጠላልፎ አግኝቶት በጆንያ ከትቶ አመጣው። ጋሼም ለእንግዶቻቸው ማሳያ ይሆናል ብለው ተቀበሉት። በመጣ ማግሥት ዝናብ ስለጣለ ዝናቡ ተባለ። የሥራ ዕቃዬ ጥቂት ነበር። ጫፉ የተቆለመመ እንጨት አለ፤ ሣጥኑን ሳጸዳ እሱን በቀስታ አንስቼ የማዛውርበት። የውሃ ሳፋ አለ። የአይጥ ወጥመድ አለ። በየሳምንቱ አንድ አይጥ ይበላል፤ ከበላ በኋላ አይነካም።

ግቢው ውስጥ ዱካ የምትባል የሐመር ሴት ነበረች፤ ውሃ ትቀዳለች። ጂንካ ከገባች ቆይታለች፣ ግን ጸጉሯን እንደ አገሯ በቅቤና በቀይ አፈር መቀባቱን አልተወችም። አማርኛዋ የራሷ ነው። እኔም የአሪ ልጅ ነኝ፣ የኔም አማርኛ በገበያ የተለቀመ ነው። ሁለታችን ስናወራ ጋሼ «እናንተ ሰዎች በስንት ቋንቋ ነው የምትሳሳቱት?» ይሉን ነበር። ዱካ ትመልስላቸዋለች፦ «አንተ በአንድ። እኛ በሦስት።»

በቤተ ክርስቲያን አልተወደደልኝም። እሑድ ስገባ ሴቶቹ «ሔዋን መጣች» ይላሉ። አንዷ ደግሞ፣ «ምን ይልሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እስካሁን ፍሬ አላቀረበልኝም፤ ያመጣ ቀን እነግርሻለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች፤ ወሬ ወዳድ ነበረች።

አንድ ቀን በጥር ፀሐይ ሣጥኑን ስከፍት የዝናቡ ዓይን ጠፍቷል። ውሃ እንደተጨመረበት ወተት ሆኗል፣ ሰማያዊ ቢጤ። ቆዳውም አመድ ነስንሰውበት ያደረ ይመስላል። አይጥ ብሰጠው ፊቱን አዞረ። ጋሼን ጠራሁ።

«በቃ ታወረ» አሉና ራሳቸውን ያዙ። «ዕውር ዘንዶ ማን ያያል?»

የእንስሳት ሐኪሟን አስጠሩ። ሰላማዊት ትባላለች፤ ከትምህርት ቤት ገና የወጣች ልጅ፣ የከብት መርፌ ስትወጋ የምትውል። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «አልታወረም። ቆዳ ሊጥል ነው። የዓይኑም መሸፈኛ ከቆዳው ጋር ነው የሚወልቀው» አለች። ዘንዶ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑ ላይ መስታወት የመሰለ ቅርፊት አለ። አዲሱ ከሥር ሲበቅል አሮጌው ይደፈርሳል። ይህንን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

«ምን ላድርግለት?» አልኳት።

«ምንም። አይነካ፣ አይመገብ፣ ለሰው አይታይ። አሁን አጥርቶ ስለማያይ ይፈራል። ዓይኑ ተመልሶ ይጠራል፤ እሱ ከጠራ ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳውን ራሱ ያወልቃል። ግን ይህ ሣጥን ደረቅ ነው። የቆርቆሮው ክዳን ይጠብሰዋል። ቆዳው ከደረቀ ይቆራረጥና ላዩ ላይ ይቀራል። እርጥበት ያለው መደበቂያ ያስፈልገዋል።»

ያን ጊዜ ወደ አሪ ሠፈር ወጥቼ ከሸክላ ሠሪዎች የተሰነጠቀ እንስራ ለመንኩ። አንገቱን ሰብረን መግቢያ አደረግነው። ውስጡን በእንሰት ቃጫ ሞላሁት፤ ቃጫው ርሶ የተጨመቀ፣ ውሃ የማይንጠባጠብ። ሰላማዊት እጇን ከትታ ነካችውና «ይኸው ነው፤ እርጥብ እንጂ ጭቃ አይደለም» አለች። ቆርቆሮውን አንስተን በሣር ከደንነው። የሚታከክበት ሻካራ የግራር ግንድም ከጎኑ አስቀመጥኩ። ዝናቡ እንስራው ውስጥ ገባና ጭራውን እንኳ ሳያስተርፍ ተሰወረ።

ይህን ካደረግን በኋላ ከአሪ ተራራ፣ ከዘመዶቼ መልእክት መጣ፤ አክስቴ ሞታለች። ለቅሶ ሄድኩ። አደራውን ለዱካ ሰጠሁ፦ ቃጫውን ውሃ አርከፍክፊ፣ ሌላ ምንም አትንኪ።

እኔ በሌለሁበት ዝናቡ ከእንስራው ወጣ። አፍንጫው አካባቢ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ አንገቱ ላይ ተጨማዶ ቆሟል። ዱካ አየችው። በዱካ አገር እንዲህ የደረቀ ቆዳ ዝም ተብሎ አይታይም። የታመመ፣ ከመንገድ የመጣ፣ ወግ የደረሰው፣ ሁሉም ቅቤ ይቀባል። ቅቤ ያልነካው ቆዳ የተጣለ ሰው ቆዳ ነው። እሷም ለራሷ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከነቀይ አፈሩ አምጥታ ዝናቡን ከራሱ እስከ ጭራው ቀባችው። አሳምራ ቀባችው።

ስመለስ ሣጥኑን ጉንዳን ወርሮታል። ዝናቡ ቀይ ሆኗል። ቅቤና አፈሩ አሮጌውን ቆዳ ከአዲሱ ጋር እንደ ምርጊት አጣብቆታል፤ ላዩ ላይ አቧራና ገለባ ተለጥፏል። ዱካ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ጉንዳን በጣቷ ትለቅማለች።

«ማርታ፣ እኔ ልጅ እንደሚቀባ ቀባሁ» አለችኝ። «ለምን ከፋው?»

አብሬያት ጉንዳን መልቀም ጀመርኩ።

ሰላማዊት መጣች። አልተቆጣችም። «ውሃ ለብ አድርጊ፤ ሙቅ እንዳይሆን» አለችኝ። እንደ ሕፃን መታጠቢያ በክርኔ ለካሁት። በሳፋ አድርገን ዝናቡን አስገባነው፤ ራሱ ከውሃ በላይ እንዲሆን ዱካ በመዳፏ ደገፈችው። ቅቤው በአንድ ጊዜ አይለቅም። ውሃ እየቀየርን ደጋገምነው። ከዚያ ፎጣ አርሰን፣ በእጃችን ልል አድርገን ጠቅልለን ያዝን፤ ዝናቡ በፎጣው መሐል ራሱ እየሄደ ይወጣል። ሲወጣ አሮጌው ቆዳ ፎጣው ላይ ይቀራል። እኛ አንስበውም፤ እሱ ነው የሚሄደው። ከአንዱ ፎጣ ሲወጣ ወደ ሌላው ይገባል።

ጋሼ ቆመው ያያሉ። «ያቺ አንገቱ ላይ ያለችውን ብጣሽ ሳብ አድርጊያት እንጂ» አሉኝ።

«ከሥር ያለው ካልደረሰ አብሮ ይላጣል ጋሼ» አለቻቸው ሰላማዊት። «ቁስል ይሆናል።»

«እኔ እኮ ዓይኔ አልችል ብሎ ነው» አሉ ጋሼ። ሄደው ደግሞ ተመለሱ። ያን ዕለት ሱቁን ረስተውት ዋሉ።

ገላው ጠራ። ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው ዓይኑ ነው፤ አሮጌው መሸፈኛ በሁለቱም ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሁለተኛው ጭራው ነው። ጫፉ ላይ አሮጌ ቆዳ እንደ ቀለበት ቀርቶ አንቆት ነበር፤ ቀይ አፈሩ ሸፍኖት ማንም አላየውም። ቀለበቱ ሲለቅ ከሱ በታች ያለው ጠቁሮ ነበር። ደም አልደረሰውም። ከጊዜ በኋላ ያቺ ጫፍ ደርቃ ወደቀች፤ ጭራው እንደ ዱላ ጫፍ ድቡልቡል ሆኖ ዳነ። ዱካ የወደቀችውን ጫፍ አንስታ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከግቢው ዛፍ ሥር ቀበረቻት። ማንም አልሳቀባትም።

ስለ ዓይኑ ሰላማዊትን ጠየቅናት። «በወረንጦ እንዳትሞክሩት። ከሥር ያለው ከተነካ እውነተኛው ዓይን ይጠፋል። የሚቀጥለውን ቆዳ እስኪጥል እንጠብቃለን። እርጥበቱን ከጠበቅን ያን ጊዜ አሮጌውም አዲሱም አብሮ ይወርድ ይሆናል።»

«ካልወረደስ?»

«ያይበት የነበረው ዓይን ይበላሻል። የማያይ ዘንዶ ዱር ቢለቁት አይኖርም።»

«ማን ይለቀዋል?» አሉ ጋሼ።

ሰላማዊት አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ የዱር እንስሳ ነው። ሕጉም አይፈቅድም፤ እሱም ያድጋል። ዓይኑ ከጠራ ወደ መጣበት ይመለስ። ካልጠራ እዚሁ ይሁን፤ እስከኖረ ድረስ።»

ጋሼ በሣጥኑ ላይ የተዛባውን ሣር አስተካከሉ። ከዚያ «መታየት የጠላ እንግዳ ምን ያደርግልኛል» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። ግን ሲገቡ አየኋቸው፤ መሐረባቸውን አውጥተው ነበር።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ሆነ። በደንብ ከሠራሁ ይሄዳል። ካልተሳካልኝ ይቀራል። እኔ በሕይወቴ ከየቦታው የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ ጥሎኝ የሚሄድ ነገር በእጄ ሳሳድግ የመጀመሪያዬ ነው። ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት ምላሱን ያወጣል። ሽታዬን ለምዷል፤ ሌላ ሰው ሲከፍት ይጠቀለላል፣ ለኔ ግን ይዘረጋል። እንስራውን ሳጥብ ክንዴ ላይ ይወጣና ብብቴ ሥር ያለውን ሙቀት ፈልጎ ይገባል። ክብደቱ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። ዕድሜዬ ሄዶ እንኳ ሳፋ ሳነሳ አንዳንድ ጊዜ ያ ክንዴ ለብቻው ይጠብቃል።

ቃጫውን አንድም ቀን አላደረቅሁትም። ዱካ ውሃ ከምንጭ ስትመጣ የመጀመሪያውን ቅል ለእሱ ታወርዳለች። ስትሰጠኝ፣ «ቅቤ የለበትም፤ ሽተሽ እይ» ትለኛለች። ሁለታችንም እንስቃለን።

የልጅ ገላ ያድጋልና ብዙ አልቆየም፣ ቆዳው እንደገና አመድ ለበሰ። ዓይኑ ላይ ወተቱ ወፈረ፤ ከአሮጌው ሥር ሌላ መጋረጃ ተጨመረበት። እንስራው ውስጥ ገባ። እኔም በደጁ አለፍ አገደም ከማለት በቀር አልነካሁትም። ጋሼ እንኳ ወደ ሣጥኑ ሲመጡ ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር። «እባብ በመሬት ነው የሚሰማው አሉ» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ቆዳው ከግራር ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። እንደ ወለቀ ካልሲ ተገልብጦ፣ ከአፍንጫው እስከ ድቡልቡሉ ጭራ ድረስ አንድ ወጥ። ለስላሳና እርጥብ ነበር። ዝናቡ ከእንስራው ራሱን አውጥቶ ያየኛል። ወደሱ ግን ወዲያው አላየሁም። መጀመሪያ ቆዳውን ያዝኩ። የራሱን ቦታ በጣቶቼ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ዓይኑ የነበረበት ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ የትንሽ ዓሣ ቅርፊት የመሰለ ክብ አለ። በጥፍሬ ስነካው፣ ቆዳው ተገልብጧልና፣ አሮጌው ከአዲሱ ሥር ተደርቦ ነበር። ድርብ ድርብ። ሁለቱም ወርደዋል።

ከዚያ ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ውስጡ የግቢው ዛፍ ይታያል።

ቆዳውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ዱካ ባልዲዋን አውርዳ መጣች። ፊቴን አይታ «ታወረ?» አለችኝ።

«አየ» አልኳት።

እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ለጋሼ የነገርናቸው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።

ወደ ኦሞራቴ የሄድነው ከዚያው ሾፌር ጋር ነው። ሰላማዊት ከፊት፣ እኔና እንስራው ከኋላ። ጋሼ ሊሸኙ ወጥተው ለእንስራው «በል እንግዲህ፣ ሱቁ ክፍት ነው» አሉት። ዱካ እስከ በር ድረስ ነበረች፤ ከበሩ አላለፈችም። መኪናው ሲነሳ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ባልዲዋን ታጥብ ጀመር፤ ባልዲው ንጹሕ ነበር።

ወንዙ ጎድሎ ነበር። አንዲት የዳሰነች ጎሳ ሴት ውሃው የሸሸበት ጭቃ ላይ ማሽላ ትዘራለች። ምን እንደያዝን ስትጠይቅ ሾፌሩ አስረዳት። ዘሯን አስቀምጣ ሳቀች። «እኛ አገር ሰው ከእባብ ይሸሻል እንጂ መኪና አይከራይለትም። ወዳጅሽ ነው?» ብላ በሾፌሩ አፍ ጠየቀችኝ።

«አሳድጌው ነው» አልኳት።

«ፍየሌን ቢበላ ላንቺ እነግራለሁ።»

«ፍየል ባይበላም ንገሪኝ» አልኳት።

እንስራውን ከቁጥቋጦው ሥር አጋደምኩት። ዝናቡ ወዲያው አልወጣም። ምላሱን አወጣ፣ አየሩን ቀመሰ፣ ከዚያ እየተሳበ ወጣ። ክንዴን ዘርግቼ ነበር። ክንዴ ላይ አልወጣም፤ በሱ አጠገብ አለፈ። መጨረሻ ያየሁት ያንን ድቡልቡል ጭራውን ነው። ሣሩ ውስጥ ገባ። እባብ ዞሮ አያይም፤ መሰናበት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እግሬ ተሻለው፤ እኔም ወደ መንገዴ ተመለስኩ። ኦሞራቴ በደረስኩ ቁጥር ያቺን ሴት እፈልጋታለሁ። ትስቃለች፤ «ፍየሎቼ ደኅና ናቸው» ትለኛለች። ይኸው ነበር ወሬው ሁሉ። ዱካ ወደ ሐመር ተመለሰች፤ ስታገባ ሄጄ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ተጠፋፋን። ጋሼ አረፉ። ግቢው ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ዱካ የጭራውን ጫፍ የቀበረችበትን ዛፍ ቆረጡት። አሁንም በዚያ ሳልፍ እግሬ ራሱ ይቆማል፤ እንስራው የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እለካለሁ፤ አሁን የደረጃው ሥር ነው።

እናንተ ልጆች የጠየቃችሁኝ ሥራውን ነውና ሥራው ይህ ነው። ዓይኑ ሲደፈርስ ተዉት። አታብሉት። እርጥብ መደበቂያና የሚታከክበት ሻካራ ነገር ስጡት። ከጣለ በኋላ እሱን ከማየታችሁ በፊት ቆዳውን ፈትሹ፤ የዓይኑ መሸፈኛ አለ ወይ፣ የጭራው ጫፍ አለ ወይ። የቀረ ካለ ለብ ያለ ውሃና እርጥብ ፎጣ። አትጎትቱ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጸጉሬ ከነጣ በኋላ፣ ኦሞራቴ ገበያ ላይ ያቺ ሴት ራሷ ጠራችኝ። እሷም አርጅታለች፤ አማርኛም ለምዳለች። ከማሳዋ ራቅ ብሎ ከርከሮ የተወው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ትልቅ ዘንዶ አይታለች፤ ጭራው ጫፍ የለውም፣ እንደ ዱላ ድቡልቡል ነው። በነጫጭ እንቁላሎች ላይ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር አለችኝ። ሰው ሲቀርብ እንኳ አልተነሳችም። ሁላችንም ወንድ ያልነው፣ ሐኪሟም ያልመረመረችው ዝናቡ ሴት ነበረች። ግልገሎቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ወዲያው አልተበተኑም፤ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ እናትየው እዚያው አብራቸው ነበረች። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ሴትዮዋ ሄዳ አየች። በአፉ ላይ ትንንሽ ቆዳዎች ተበትነው ነበር፤ አንዱም አልተቆረጠም፣ ሁሉም እስከ ጭራቸው ጫፍ ሙሉ።